ወዴት ነው?

ሐኪሙ የደም ምርመራ ውጤቴን አገላብጦ አየና «ትራመዳለህ?» አለኝ። ጥያቄው ገረመኝ። በገዛ እግሬ ገብቼ ፊቱ ተቀምጬ ትራመዳለህ ወይ ይለኛል። «አዎ» አልኩት በኩራት። «ምን ያህል?» አለ። ከቤቴ እስከ ታክሲ መያዣው፣ ከታክሲው እስከ ቢሮ፣ ከቢሮ እስከ ማኪያቶ ቤት ያለውን በሐሳቤ ደመርኩት። ድምሩ ለሰው የሚነገር አልነበረም። ዝም ስል ጊዜ መልሱን አገኘው መሰለኝ፣ «ስኳርህ ድንበር ላይ ቆሟል። በቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ፈጠን እያልክ ተራመድ» ብሎ ሸኘኝ። መድኃኒት ቢያዝልኝ ይሻለኝ ነበር። መድኃኒት ገዝቶ መሳቢያ ውስጥ መርሳት ይቻላል፤ እግርን ግን የት ጥሎ ይረሱታል?

ማታ ለእናቴ ደወልኩላት። እናቴ ከደብረ ሲና ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው የምትኖረው። እስከ ዛሬ ድረስ ገበያ የምትወጣው በእግሯ ነው።

«እማዬ፣ ሐኪሙ በእግርህ መሄድ አለብህ አለኝ።»

«ወዴት?»

«ወዴትም አይደል። እንዲሁ መሄድ።»

«እንዲሁ እንዴት ነው የሚኬደው? የምትደርሰው የት ነው?»

«የትም አልደርስም። ዞር ዞር ብዬ ቤቴ እመለሳለሁ።»

ስልኩ ጸጥ አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ልል ስል፣ ድምጿን ዝግ አድርጋ፣ «ልጄን… ከጀመረህ ስንት ጊዜህ ነው?» አለችኝ። በሳምንቱ ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ የሰፈር ልጅ እጅ አንድ ሃይላንድ ጠበል ላከችልኝ። ፍሪጁ አናት ላይ አስቀመጥኩት።

እናቴ አይፈረድባትም። ባደግሁበት አገር መንገድ ሁሉ ምክንያት አለው። ሰው ከቤቱ የሚወጣው ገበያ ብሎ ነው፣ ወፍጮ ብሎ ነው፣ ንግሥ ብሎ ነው፣ ሙግት ብሎ ነው፣ የጠፋች ጊደር ፍለጋ ነው። መንገድ ላይ ያገኘኸው ሁሉ «ወዴት ነው?» ይልሃል። ነገር ሊያጣራ አይደለም፤ የሰላምታው ግማሽ ነው። አንተ ትነግረዋለህ፤ እሱም እንደ መልስህ «ይቅናህ» ወይም «በሰላም ያግባህ» ወይም «እግዜር ያጽናህ» ብሎ ያሳልፍሃል። «ወዴትም» ብትለው ግን ምን ብሎ ይመርቅሃል? ምርቃት የማይገኝለት መንገድ ሆነ ማለት ነው።

አዲስ አበባም ብትሆን በዚህ ነገር ከደብረ ሲና ብዙ አልራቀችም። ሩጫ ክብር አለው። ጎህ ሳይቀድ ቱታ ለብሶ የሚሮጥ ጎረምሳ ሲታይ «ነገ ባንዲራ የሚያሰቅል ነው» ይባልለታል፤ ከ1994 ዓ.ም. ወዲህም በየዓመቱ ለታላቁ ሩጫ ሕዝቡ አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሶ አደባባይ ይሞላል። ቀስ ብሎ የሚራመድ ጎልማሳ ግን ታክሲ ያጣ ሰው ነው። ብቻዬን በወጣሁበት የመጀመሪያ ቀን አንድ ሚኒባስ አጠገቤ መጥቶ ቀዝቀዝ አለና ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! አንድ ሰው!» አለኝ። በእጄ አይ አልኩት። መኪናው በእኔ እርምጃ ልክ እየተንፏቀቀ ትንሽ ተከተለኝ። ከዚያ ረዳቱ ጎንበስ ብሎ፣ ተሳፋሪ እንዳይሰማ ድምጹን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ሒሳብ ካነሰዎት ይግቡ፤ ችግር የለም» አለኝ።

ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። ብቻውን ለሚራመድ ሰው ይታዘንለታል። ከሌሎች ጋር ከሆነ ግን ቢያንስ ሰልፍ ወይም ሽምግልና ይመስላል።

ማኅበራችን የተወለደው በኮንዶሚኒየማችን የዕድር ስብሰባ ላይ፣ «ልዩ ልዩ» በሚለው አጀንዳ ሥር ነው። የብሎክ አራቱ ሻምበል (ጦሩን ከለቀቁ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ማዕረጉ ግን እሳቸውን አልለቀቃቸውም) ብድግ ብለው፣ «ስኳርና ደም ግፊት እየጨረሰን ነው። ይኼ ዕድር እስከ መቼ ቀባሪ ብቻ ሆኖ ይቀራል? ከመቅበር በፊት ማራመድ አይቀድምም ወይ?» አሉ። ቤቱ አጨበጨበ። ከሁሉ በላይ ያጨበጨበው የዕድሩ ገንዘብ ያዥ ነበር።

ከዚያ ሦስት ወር ሙሉ አንድ እርምጃ አልተራመድንም። ስብሰባ ላይ ነበርን። በመጀመሪያ የስሙ ጉዳይ መጣ። ሻምበል «የእግር ጉዞ ማኅበር» ይባል አሉ። ከመካከላችን በዕድሜ የሚያንሰው፣ ጫማውን ከውጭ ያስመጣው ኢንጂነር «ሃይኪንግ ግሩፕ» ካልሆነ ወጣት አይመጣም አለ። በጡረታ የወጡት ነርስ የሲስተር ልጅ በሩ ላይ ቆማ «ወክ ማለት ነው አይደል?» ብላ ሁሉንም አናደደች። ሁላችንም እታለም የምንላቸው፣ የብሎክ ሁለት የቡናችን አለቃ ደግሞ፣ «ማኅበር ካላችሁት ጽዋ ይኑረው» አሉ። ለጥቆ መተዳደሪያ ደንብ ተረቀቀ፤ አሥራ አራት አንቀጽ ወጣው። ያረፈደ ሃያ ብር፣ ሳያስፈቅድ የቀረ ሠላሳ ብር፣ መሃል መንገድ ላይ ታክሲ የገባ ሃምሳ ብር ይቀጣል። ሻምበል ሊቀመንበር፣ ጎረቤታችን ሐጂ ገንዘብ ያዥ፣ ሲስተር የጤና ተጠሪ፣ እኔ ጸሐፊ ሆንን። በየስብሰባው ቡና ከነቆሎው፣ ሻይ ከነሳምቡሳው ይቀርብ ስለነበር፣ ደንቡ በጸደቀ ቀን በግሌ ሁለት ኪሎ ጨምሬ ነበር።

መራመድ ስንጀምር ሲስተር አሥር ሺ እርምጃ ያልሞላ ጉዞ መዝገብ ላይ አይሰፍርም የሚል ተጨማሪ ሕግ ይዘው መጡ። ስልካችን ይቆጥርልናል። እኔ ጸሐፊ ነኝና ይህ አሥር ሺ የሚባለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ፈለግሁ። መጨረሻው የእኛው ሰው ደጅ ላይ አደረሰኝ። አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ጥቂት ሳምንታት ሲሆነው፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ። ጃፓኖች የኦሊምፒኩ ሞቅታ ሳይወጣላቸው፣ በዓመቱ አንድ ኩባንያቸው ወገብ ላይ የሚታሰር እርምጃ ቆጣሪ ለገበያ አቀረበና «ማንፖኬ» ብሎ ሰየመው፤ የአሥር ሺ እርምጃ መለኪያ ማለት ነው። ቁጥሩን ሐኪም ለክቶ አላዘዘውም። ድፍን ነው፣ ለአፍ ይጥማል፣ ዕቃ ይሸጣል። በኋላ የተሠሩ ጥናቶችም ከዚያ ያነሰ እርምጃ ለጤና እንደሚበጅ አሳይተዋል።

ይህን ሁሉ በጽሑፍ አዘጋጅቼ ለጠቅላላ ጉባኤው አነበብኩ። ሲስተር መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና፣ «ጸሐፊያችን አምስት ሺ ላይ መቀመጥ አምሮታል» አሉ። ሻምበል ደግሞ ከንግግሬ የሰሙት አበበን ብቻ ነው። «አበበ ጨርሶ ሲገባ ምን አደረገ? ሜዳው ላይ ሆኖ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር! ሌላው ተዘርሮ እሱ ስፖርት ይሠራል! እኛስ?» አሉ። እኛ ስንጨርስ ምን እንደምናደርግ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ምግብ እናዝዛለን።

ቁጥሩ ጸደቀ። ባጸደቅነው በሁለተኛው ሳምንት እታለም ከሁላችንም በልጠው ተገኙ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት እንዴት አድርገው ሻምበልን ቀደሙ? ሲጣራ ስልኩን ቀሚሳቸው ኪስ ውስጥ እንደያዙ ቡና ይወቅጡ ነበር። ሙቀጫው ዱም ዱም ባለ ቁጥር ስልኩ አንድ እርምጃ ይላል። ቤታቸው ቁጭ ብለው፣ አንድ እግር ሳያነሡ፣ የሦስት ሲኒ መንገድ ተጉዘዋል። ሲስተር ይሰረዝ አሉ። ሐጂ ግን፣ «ቡናውን የጠጣነው እኛ ነን፤ እርምጃውን ደግሞ ልንነጥቃቸው ነው?» ብለው ተከራከሩላቸው። አልተሰረዘም።

የመጀመሪያው ትልቅ ጉዟችን እንጦጦ ሆነ። በሽሮ ሜዳ በኩል ነው የወጣነው። እንጦጦ አናቱ ላይ 3200 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ አየሩ ስስ ነው፤ አትሌቶቻችን ለዚህ ብለው ይወዱታል፤ እኛ ለዚሁ ብለን ጠላነው። ሻምበል ግን ዳገቱን ሳይሆን ታሪኩን እያሰቡ ነው የሚወጡት። አፄ ምኒልክ እዚያ ላይ ከተማ አድርገው እንደነበር፣ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እንጦጦ ማርያም እንደሆነ፣ እቴጌ ጣይቱ ግን ብርዱን ሸሽተው ፍል ውሃ ዳር ቤት አሠርተው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባን እንደቆረቆሩ አስረዱን። ለማረፍ የፈለገ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ እየጠየቃቸው እንዲቆሙ ያደርጋቸው ስለነበር ትምህርቱ ሰፊ ሆነ። እኔ በበኩሌ እቴጌን ያን ቀን ይበልጥ አከበርኳቸው። ዋና ከተማችን የተወለደችው ከዚህ ዳገት መውረድ የሚሻል መሆኑን ከተረዳ ሰው ነው።

ከታሪኩ ውስጥ ልቤ ላይ የቀረው ግን የእንጨቱ ነገር ነው። ያን ጊዜ ከተማ የሚነሣው በዙሪያው ያለው ማገዶ ሲያልቅ ነበር። አዲስ አበባም ልትነሣ ደርሳ፣ አዲስ ዓለም ላይ ግንባታ ሁሉ ተጀምሮ ነበር። ያስቀራት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ከተማ እንኳ ከቦታው ሲንቀሳቀስ «ወዴት ነው?» ቢሉት መልስ ነበረው፤ እንጨት ፍለጋ።

ይህን እያሰላሰልኩ ሳለሁ ከበስተጀርባችን የቅጠል ኮሽታ መጣ። አንዲት ሴት በቁመቷ ልክ የሆነ የባሕር ዛፍ ጭነት በጀርባዋ አዝላ፣ ጎንበስ ብላ ቁልቁል ስትወርድ ደረሰችብን። እኛ ባዷችንን በከዘራና በምርኩዝ ነው የምንወርደው። እሷ መንገድ እስክንለቅላት ቆመችና፣ «ወዴት ናችሁ?» አለችን።

ሻምበል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እዚሁ ነን። ስፖርት ነው።»

«ከላይ ነው የምትመጡ?»

«አዎ፣ እስከ ማርያም ወጥተን ነበር።»

ሴትዮዋ በየተራ አየችን። ፌዝ አልነበረባትም፤ ከልቧ ግራ ገብቷት ነው። «ታዲያ ከወጣችሁ አይቀር ለምን ባዶ እጃችሁን ትወርዳላችሁ?» አለችና ጭነቷን አስተካክላ አለፈችን። እስከ ሽሮ ሜዳ ድረስ የተናገረ ሰው የለም።

ምግቡን ሳላነሣው ባልፍ ደስ ባለኝ፤ ግን ጸሐፊ መዋሸት የለበትም። ማኅበራችን ከቅጣት የሚሰበስበውን ገንዘብ መብላት አለበት፤ ደንቡ «ለማኅበራዊ ጉዳዮች» ይላልና። ችግሩ ምን ይበላ የሚለው ነው። ሥጋ እንዳይሆን ሐጂ የክርስቲያን ሥጋ አይበሉም፤ እኛም የሳቸውን አንበላም። እንቁላልና ወተት እንዳይሆን እታለም ሁልጊዜ ጾም ላይ ናቸው፤ ያገር ጾም ሲያልቅ የጽጌን ይይዛሉ፣ የጽጌ ሲያልቅ ነቢያት ይገባል። ስለዚህ የትም ብንሄድ፣ የትም ብናርፍ፣ ቃለ ጉባኤያችን ላይ የሚሰፍረው አንድ ምግብ ነው፤ በያይነቱ። አንድ ትሪ ላይ ዘጠኝ ሰው ይቀርብበታል። ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ሽሮው፣ ቀይ ሥሩ። ሐጂ ከእጃቸው ያጎርሱኛል፤ ጉርሻ አይመለስም፤ አንድም ያጣላል። ስለዚህ ሦስት ይሆናል። ኢንጂነሩ አንድ ቀን በስልኩ ሒሳብ ሠራና በጉዞው ያቃጠልነው አንድ እንጀራ፣ የበላነው ሦስት መሆኑን አሳወቀ። ለስብሰባ ሥርዓት መጓደል ሃያ ብር ተቀጣ። በሃያ ብሩ ሻይ ጠጣንበት።

በረመዳን ወር ሐጂ ውሃ ሳይቀምሱ ነው የሚሄዱት። በዚያ ወር ከፊት የሚሆኑት ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው። ለምን እንደሆነ ብንጠይቃቸው፣ «የማፈጥረው ቤቴ ነዋ፤ ወደ ቤቴ ነው የምሄደው» አሉ። ከመካከላችን መድረሻ ኖሮት የሚራመድ እሳቸው ብቻ ነበሩ ለካ።

ወደ መናገሻ ሱባ የሄድነው ኮስትር ኮንትራት ይዘን ነው። ከከተማው በስተ ምዕራብ፣ ወጨጫ ተራራ ጎን ላይ ነው ደኑ። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው፣ ከዛፍ ዛፍ ነጭ ጭራውን እያወናጨፈ የሚዘል ጉሬዛ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥቶ አስተከለው ይባላል። ወፍ ዋሻ ማለት እናቴ ደጅ ሆና የምታየው ጋራ ነው። ደስ ብሎኝ እዚያው ከጥዱ ሥር ሆኜ ደወልኩላት። «ጥድ ለማየት ነው እስከዚያ የሄድከው?» አለችኝ። «ከደጄ አለልህ አይደል? ያውም ከነእናትህ።» ስልኩን ዘግቼ ትንሽ ጊዜ ከኋላ ቀረሁ።

ከደኑ ስንወጣ ድንች የሚኮተኩት ገበሬ አገኘን። በኦሮምኛ አንድ ነገር አለን። ኦሮምኛ የሚያውቁት ሐጂ ናቸው፤ ልባቸው ሞቅ ብሎ ቆመው ከብቱን፣ ልጆቹን፣ ዝናቡን ጠየቁት። ከዚያ ወደኛ ዞረው፣ «ወዴት ናችሁ ነው የሚለው» አሉን። ከእንጦጦ ወዲህ ስለዚህ ጥያቄ ተማክረንበት ስለነበር ሲስተር መልስ ይዘው ነበር። «ለጤና ነው በሉት። ስኳር አለብን፤ እንዲወርድ ላብ ማውጣት አለብን።» ሐጂ ተረጎሙ። ገበሬው በጥሞና ሰማ፤ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ መኮትኮቻውን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንግዳ እንደሚከበር ሁሉ፣ ወደ ሻምበል ዘረጋው።

«ላብ ከሆነ የፈለጋችሁት እዚህ ሞልቷል ነው የሚለው» አሉ ሐጂ።

ሻምበል ፕሮግራም አለብን አሉ። እውነትም ነበረብን፤ በያይነቱ ታዝዞ ነበር።

ወንጪን ብዙም አላወራበት። ወንጪ በ2021 እ.ኤ.አ. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ የመረጣት፣ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ያላት፣ ሐይቁ መካከል ደግሞ የቂርቆስ ደሴት ያለባት የምታምር አገር ናት። ችግሩ ወደ ሐይቁ ቁልቁል የወረደ ሰው ሽቅብ መመለስ አለበት፤ እዚያ ደግሞ ፈረስ ይከራያል። ከዘጠኝ አባላት ስምንቱ በፈረስ ተመለስን። ፈረሴን የሚስበው ልጅ ደጋግሞ ወደኋላ እያየኝ ቆይቶ፣ «የምን ማኅበር ነው ያላችሁኝ?» አለኝ። «የእግር ጉዞ» አልኩት። ከዚያ በኋላ ወደ ፊቱ ብቻ ነበር የሚያየው።

ደብረ ሊባኖስ ስንሄድም እንዲሁ ነው። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ገዳሙን ተሳልመን ገደሉ አፋፍ ላይ ብቅ ስንል የጭላዳ መንጋ ሜዳው ላይ ተሰማርቶ አገኘን። ጭላዳ ሣር በል ነው። ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ሣሩን እየነጨ ይበላል፤ ፊቱ ያለው ሲያልቅ አይነሣም፤ በመቀመጫው ተንፏቆ ትንሽ ወደፊት ፈቀቅ ይልና እንደገና ይበላል። ደረታቸው ላይ ቀይ ሜዳሊያ የመሰለ ባዶ ቆዳ አለ። ሻምበል ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩዋቸው። «ይኸውላችሁ ማኅበራችን» አሉ በመጨረሻ። «ያውም ተሸላሚው።»

እንዲህ እያልን ዓመት ሊሞላን ሲል፣ በነሐሴ፣ የእታለም ታላቅ ወንድም አረፉ። ወንድምየው የሚኖሩት ሰላሌ ነው፤ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ። እታለም በሌሊት ቀድመው ሄደዋል። ዕድሩ በቴሌግራም ለፈፈ፤ እሑድ የማኅበራችን የጉዞ ቀን ነበረና ያንኑ ኮስትር ይዘን ወጣን። ማንም ስለ ጫማ አላሰበም። ሲስተር የቤተ ክርስቲያን ጫማቸውን፣ ኢንጂነሩ ያንን ከውጭ ያስመጣውን፣ ሐጂ የዝናብ ኮንጎ ጫማቸውን አድርገዋል።

ከአስፋልቱ ወርደን ጥቂት እንደገፋን ኮስትሩ ጥቁር ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ሹፌሩ ወርዶ ጎማውን አየና፣ «ከዚህ ወዲያ በእግር ነው» አለ። መንገድ ዳር የቆመ እረኛ ልጅ ስንጠይቅ «ቅርብ ነው፣ እዚህ ነው» አለን። የባላገርን «እዚህ ነው» የማያውቅ ሰው ብቻ ነው በዚህ የሚደሰት። ሁለት ሰዓት ሄድን።

ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት፣ አንዳንዴም እስከ ጉልበት ነበር። የኢንጂነሩ ጫማ አንዱ እዚያው ተውጦ ቀረ፤ በዱላ ቆፍረን አወጣነው። ሐጂ በኮንጎ ጫማቸው ከፊት ናቸው፤ ዝናቡ ሲመጣ ጃንጥላቸውን የሚዘረጉት ለሲስተር ነው። ሻምበል ጉልበታቸው ቃ ሲል ይሰማኛል፤ እሳቸው ግን ስለ ምኒልክ አላነሡም፣ እንቁም አላሉም። የመጣንበትን ማንም አልቆጠረ፣ የሚቀረውን ማንም አልጠየቀ። የሚያሳስበን አንድ ነገር ነበር፤ ቀብሩ እንዳያመልጠን።

አንድ ወንዝ አፋፍ ላይ ስንደርስ አህያ የሚነዳ ሽማግሌ ከወዲያ ማዶ መጣ። አየን። ጭቃችንን አየ። «ወዴት ናችሁ?» አለ።

«ለቅሶ» አሉ ሻምበል።

ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ። «የማን?» አለ፤ ነገርነው። «እግዜር ያጽናችሁ» አለ። ከዚያ አህያውን ባለበት ትቶ ዞረና ወንዙ የሚረገጥበትን ድንጋይ እየመረጠ፣ አንድ በአንድ እጃችንን ይዞ አሻገረን። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ጥግም ፊት ፊታችን ሄደ። አህያው ምን እንደሆነ አላወቅሁም።

እታለም ከሩቅ ሲያዩን ከለቅሶው መካከል ተነሡ። ሻምበልን፣ ሲስተርን፣ ባለ አንድ ካልሲውን ኢንጂነር፣ ነጭ ጋቢያቸው ጭቃ የለበሰውን ሐጂን በየተራ አዩ። «በእግራችሁ?» አሉ። «በዚህ ጉልበታችሁ?» ከዚያ እንደ አዲስ አለቀሱ፤ እኛም አለቀስን። ከቀብር መልስ አንዲት ልጅ የሞቀ ውሃ በሳፋ አምጥታ የሁላችንንም እግር አጠበችን። ንፍሮ ዘገንን። ሐጂ ላጉርስህ አላሉኝም።

በነጋታው ምሽት ሲስተር ስልካቸውን እያዩ ደጄ መጡ። ሃያ ሦስት ሺ እርምጃ ይላል። ማኅበሩ ከተመሠረተ ጀምሮ ማንም ያልደረሰበት ቁጥር ነው። መዝገቡን ይዤ ሻምበል ዘንድ ሄድን። ሻምበል እግራቸውን ጨው ውሃ ውስጥ ነክረው ተቀምጠዋል።

«እንመዝግበው?» አልናቸው።

«ምኑን?» አሉ።

«ጉዞውን ነዋ። የሰላሌውን።»

ሻምበል ከልባቸው ተቆጡ። «ያ ምን የእግር ጉዞ ነው? ለቅሶ ነው የደረስነው! ደንቡን አታውቅም እንዴ ጸሐፊ?» አሉኝ። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። መዝገቡን ዘግቼ ወጣሁ። ስለዚህ ማኅበራችን ባለፈው ዓመት ካደረጋቸው ጉዞዎች ሁሉ ረጅሙ የትም አልተጻፈም።

ማታ እናቴ ደወለች። ትናንት ስልክ ያላነሣሁት ወዴት ሄጄ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«ሰላሌ ነበርኩ።»

«ምን ልትሠራ?»

«ለቅሶ። የጎረቤታችን ወንድም ዐርፈው።»

«በመኪና?»

«እስከ ግማሽ። የቀረውን በእግር ነው፤ ጭቃ ነበር። ደርሶ መልስ አራት ሰዓት ሳይሆን አይቀርም።»

ስልኩ ጸጥ አለ። እንደ መጀመሪያው ጊዜ መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ተመስገን» አለች እናቴ። ድምጿ ውስጥ ዓመት ሙሉ ያልሰማሁት ዕረፍት ነበር። «ተመስገን ጌታዬ። ዳንክልኝ።»

«ምኑን ነው የዳንኩት?»

«ጠበሉ ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን! እንደሚያሽርህ አውቄያለሁ።»

ቀና ብዬ ፍሪጁ አናት ላይ ያለውን ሃይላንድ አየሁት። አቧራ ለብሷል። ክዳኑ እንኳ አልተከፈተም።

«አዎ እማዬ» አልኳት።